ከኮሪደሩ ወዲህ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለእትዬ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር የሚጠይቀው ይሄንን ነው፤ እኔ ግን ብዕሩን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ለሌላ ሰው የምጽፈው ሰላምታ ላንቺ አልበቃ አለኝ። ስለዚህ እንደ ሐኪም ልጠይቅሽ። እግርሽ ማበጡን ተወ? ውሃ በደንብ ትጠጫለሽ? መድኃኒቱንስ ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ? ልጅሽ ማርሊዝ ፊትሽ በመድኃኒቱ የተነሳ ክብ እንደሆነና መስታወት አላይም እንዳልሽ ነግራኛለች። ምን አስጠላሽ? ልጅ ሳለሽ ጉንጬ ይሙላልኝ ብለሽ የእማዬን ስኳር ትሰርቂ አልነበር? ይኸው ሞላልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ግራ ጎኔን ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ባሌ ቶቢያስ የዓሣ ሳጥን እንዳላነሳ ከልክሎኛል። ሲያየኝ ይጮኻል፣ ሳያየኝ አነሳለሁ። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ አንቺ የምታውቂው ቀጫጫ ጎረምሳ አይደለም አሁን። ባሕር መውጣቱን ግን አልተወም።

የላክሽልኝን ቃል ማርሊዝ አድርሳኛለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ በቃሏ እንደያዘች ልጅ አንድ ትንፋሽ ላይ አለችው፤ "እማዬ እንዳለ ንገሪያት ብላኛለች። 'ይቅር በይኝ ብላለች አትበያት። ናፍቃኛለች በያት።'" ዓሣ እየበለትኩ ነበር። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ "አክስቴ፣ አሳዘንኩሽ እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ ተይኝ፣ ሽንኩርት ነው" አልኳት። ቤቱ ውስጥ አንድም ሽንኩርት አልነበረም።

እትዬ፣ አንቺ የምታውቂው ከሆስፒታሉ ኮሪደር ወዲያ ያለውን ነው። ከኮሪደሩ ወዲህ የሆነውን ማንም በወጉ አልነገረሽም። ባልሽ ሄንድሪክ የነገረሽ እሱ እንዲመቸው አድርጎ ነው፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ እኔው ልንገርሽ።

ማርሊዝ መጀመሪያ የመጣች ቀን ወደቡ ላይ ስኑክ ዓሣ እየበለትኩ እሸጥ ነበር። ጀልባዎቹ ጥሩ ይዘው ስለገቡ ገበያተኛው ተጋፍቷል። አንዲት ቀጭን ነጭ ልጅ ሳትገዛ ቆማ እጄን ታየኛለች። "እመቤት፣ ልበልትልሽ ወይስ እንዳለ ትወስጃለሽ?" አልኳት። ሰው እንዳይሰማት ጠጋ ብላ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ባቡር ሲሳፈሩ በመስኮት እጅዎን ያውለበልባሉ?" አለችኝ።

ቢላዋዬ ቀጥ አለ። አንገቷን ሳይ ያንቺ አንገት ነው።

ድሮ ረቡዕ ረቡዕ እናደርግ የነበረውን ታስታውሻለሽ። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ፊት ባሉት የነጮች ፉርጎዎች፣ እኔ ከኋላ በእኛዎቹ። ባቡሩ ባሕሩ ዳር ሲደርስ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ በዚያች መታጠፊያ ላይ የፊቱ ፉርጎ ለኋላው ይታያል። አንቺ እጅሽን ታወጫለሽ፣ እኔም ቀይ መሐረቤን። ከዚያ ባቡሩ ይቃናና ሁሉም ያልቃል። ይቺን ታህል ለማየት ሳምንቱን ሙሉ እጠብቅ ነበር። ልጅሽን "ለባሕሩ እጅሽን አውለብልቢለት" ትያት እንደነበር አላውቅም ነበር፤ እሷ ናት የነገረችኝ። አንድ ቀን ደግሞ እራት ላይ ለአባቷ፣ "አባዬ፣ ባሕሩ እኮ ቀይ መሐረብ አለው" አለችው አሉ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ባቡር ላይ አልመጣሽም። ለምን እንደቀረሽ ማርሊዝ እስክትነግረኝ ሳላውቅ ኖርኩ። ታመመች አልኩ፣ ተዛወሩ አልኩ፣ ጠላችኝም አልኩ። ለካስ አንዲት ሕፃን ያየችውን ተናግራ አባቷ ፈርቶ ኖሯል!

ያን ዕለት ማርሊዝን ከዓሣ መረቦቹ ጀርባ ወስጄ አስቀመጥኳት። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ነገረችኝ። "ሁለቱም ኩላሊቷ ሞቷል። ማሽኑ ላይ ነው ያለችው። የእኔ ደም ከሷ ጋር አልገጠመም፣ የአባቴም አልሆነም። ሐኪሙ 'ወንድም ወይም እህት የለሽም?' ብሎ ሲጠይቃት 'የለኝም' አለችው። ግን እንዲያ ስትለው ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። ልክ ባቡር ላይ እንደምታደርገው። ስለዚህ በዚያ መስመር ባለው ባሕር ዳር ሁሉ ሳፈላልግ ነው እዚህ የደረስኩት።"

ስለ "የለኝም" አንድ ነገር ልበልሽ። ሰማሁትና ጎዳኝ። ከዚያ ግን አሰብኩ፤ ሞት አልጋሽ ዳር ቆሞ እንኳ አፍሽ ያንን ቃል ካልለቀቀ፣ ስንት ዓመት ስትለማመጂው ኖረሻል ማለት ነው? ከነበረኝ ንዴት ይልቅ ላንቺ ያለኝ ሐዘን በለጠ።

ሰውን በዘር የሚመድበው ቢሮ የጠራን ቀን ትዝ ይልሻል መቼም። አባዬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቀረ። ሰውዬው ጆሮሽን በጣቶቹ ቆንጥጦ ልስላሴውን ለካ፣ ከዚያ የኔን። ጥፍራችን ሥር ያለችውን ነጭ ጨረቃ በማጉያ መስታወት አየ። "ቁርስ ምን ትበላላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ አንቺ "ዳቦ በማርማላታ" አልሽው፣ እኔ ሞኝ "የትናንት ዓሣ" አልኩት። ከአንድ ሰሃን ነበር የበላነው! ወረቀቱ ሲመጣ አንቺ ነጭ፣ እኔ ክልስ። አባዬ መጀመሪያ ላይ ሳቀ፤ "ከአንድ ድስት ሁለት ዓይነት ወጥ አወጡ" አለ። በኋላ ግን ምሽቱን ጀልባው ላይ ብቻውን ሲቀመጥ አየሁት። ከዚያ አንቺ ሱቅ ሥራ አገኘሽ፣ ሄንድሪክን አገኘሽ፣ የነጮቹ ሰፈር ቤልቪል ገባሽ። ባንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይሄንን ለቶቢያስም ነግሬዋለሁ፤ አይወድም እንጂ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ሆስፒታል ሄድኩ፣ በእኛ በር ገባሁ። ደሜን ወሰዱ፤ በሌላ ቀን ተመልሼ ስሄድ ያ ወጣቱ ሐኪም፣ ዶክተር ሌቪታን፣ ወረቀቱን ይዞ ራሱ መጣ። "እርስዎ" ብሎ ነው የሚያናግረኝ፤ መጀመሪያ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

"ሙሉ በሙሉ ገጥሟል" አለኝ። "ከአራት ወንድምና እህት አንዱ ቢገጥም ነው። ከተማውን ሁሉ ብመረምር ለእሷ ከእርስዎ የቀረበ ሰው አላገኝም።"

"ዶክተር" አልኩት፣ "እንግዲህ ኩላሊቱ ነጭ ነው ወይስ ክልስ?"

እየቀለድኩ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። "ልዩነት ፈጽሞ የለም ብዬ አልዋሽዎትም" አለኝ። "አንዳንዱ የደም ምልክት አንድ አገር ላይ በዛ ይላል፣ ሌላ አገር ላይ ሳሳ ይላል። ግን የሚቆምበት ድንበር የለውም። ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ነው፣ እዚህ ያበቃል አይባልም። ሁለት ነጮች እርስ በርሳቸው ከሚለያዩት ይልቅ አንዱ ነጭና እርስዎ ልትቀራረቡ ትችላላችሁ። ቢሮው ያሰመረውን መስመር ሰው ውስጥ ገብቼ ፈልጌ አላገኘሁትም።"

"የእናቴ አያት ከማኒላ በመርከብ የመጣ ነው" አልኩት። "ያባቴ አያት ስኮትላንዳዊ የመርከብ ወጥ ቤት ነበር። ሚስቱ ደግሞ ከሞዛምቢክ ተሽጣ የመጣች የባሪያ ልጅ። እዚሁ የነበሩትም አሉበት። እኔና እህቴ እነዚያን ሁሉ እኩል ነው የወረስነው።"

"እኩል አይደለም" አለ። "ከአንድ ቦርሳ እፍኝ እፍኝ ዘግናችኋል። ለቆዳ የሚሆነውን እሷ ሌላ ዘገነች፣ እርስዎ ሌላ። ለኩላሊት የሚሆነውን ግን ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ዘግናችኋል።"

"ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት አድርጎ እህቴን ወሰደብኝ?"

መነጽሩን አወለቀና ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። "ይሄ እኔ የተማርኩት ትምህርት ውስጥ የለም" አለኝ። ወደድኩት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሐኪም ሆዴን ቢከፍት አልሰጋም አልኩ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። በሕይወት ካለ ሰው ኩላሊት የሚወሰደው ከሥጋ ዘመድ ነው፣ ከሌላ ሰው ግን የክፍሉ ኃላፊ ፈርሞ ከፈቀደ ብቻ ነው አሉ። እኔ እህትሽ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ ደግሞ አንቺ የክልስ እህት ልትሆኚ ነው። የክልስ እህት ከሆንሽ መዝገብሽ ይከፈታል፤ ትዳርሽ በሕግ ወንጀል ይሆናል፤ ቤታችሁ ያለበት ሰፈር አይፈቀድላችሁም፤ ማርሊዝም ከምትማርበት ትባረራለች። ለማዳን ብዬ ላፈርስሽ ነበር።

ሄንድሪክ ወደቡ ድረስ መጣ። የባቡር ሠራተኛ ልብሱን እንደለበሰ ነው። መቼም አግኝቶኝ አያውቅም፤ ግን ሲያየኝ አወቀኝ። ከግንቡ ላይ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ባሕሩን አየ።

"አንቺ ማን እንደሆንሽ ከጋብቻችን በፊት ነግራኛለች" አለኝ። "አልደበቀችኝም። የደበቅነው ሁለታችን ነን።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

"እንድትኖርልኝ እፈልጋለሁ። ግን እህቷ ነኝ እንዳትዪ። እለምንሻለሁ። ልጄን ያወጡብኛል።" ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲፈራ ማየት ያሳፍራል፤ የሚያየውን ማለቴ ነው።

እሺም እምቢም ሳልለው ተነሳ። መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ መጣና ቆቡን አወለቀ። "እግዚአብሔር ይስጥዎ" አለኝ። እንዳልተሳሳትኩ ለማወቅ አጠገባችን መረብ ሲጠግን የነበረውን ቶቢያስን ጠየቅሁት። እሱም ሰምቶታል። "እርስዎ" ነው ያለኝ።

ቶቢያስን ግን ይሄ አላበረደውም። መረቡን ወርውሮ ጮኸብኝ። "ሥጋሽን ይፈልጋሉ! ስምሽን ግን አይፈልጉም!"

"ስሜን ምን ታደርገዋለች? ደም የሚያጣራው ስም አይደለም" አልኩት።

"ቀልጂ አንቺ! በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን የቤታችንን ደረጃ ወጥታ ሻይ ጠጥታለች? እናትሽ ስትቀበር የት ነበረች?"

"ቶቢያስ፣ መምጣት ብትችል አትመጣም ነበር?"

"ሐኪምሽ ዘር የሚባል ነገር የለም አለሽ። እንግዲያው የነጮች ብቻ ለተባለችው ለባቡሯ ወንበር ንገሪያት! ለሁላችንም ቦታ የመደበችው ወንበሯ ናት። የለም ትበል እስቲ!"

ሁለቱም እውነታቸውን ነው እትዬ። ሐኪሙ ሰው ገላ ውስጥ የለም ይላል፣ ቶቢያስ ደግሞ ባቡሩ ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ መቃብሩ ሳይቀር አለ ይላል። ሳስበው ሳስበው ገባኝ፤ የፈጠሩት ሰዎች ናቸው፤ ሰው የሠራው ቤት ደግሞ ዝናብ ያስጠልላል፣ ሲፈርስም ሰው ይገድላል። አልተወለደም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ለቶቢያስ ይሄንን አላልኩትም። "እህቴ እየሞተች ነው" ብቻ አልኩት። ጠዋት ስነሳ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ምን ትጠብቂያለሽ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው" አለኝ።

ወረቀቱን ዶክተር ሌቪታን ራሱ ሞላው። "ለጋሽ፦ ዘመድ ያልሆነች በጎ ፈቃደኛ።" እኔም ፈረምኩ። የሱ አለቃ ሽማግሌው ፕሮፌሰር የደሙን ውጤት አንዴ፣ ወረቀቱን አንዴ እያየ፣ "ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዲህ ይገጥማል?" አለ። ዶክተሩም "አልፎ አልፎ ተአምር ይሆናል" አለው። ሽማግሌው ሁለታችንንም አየንና ፈረመ። "እንግዲያው ተአምሩን አጥብቃችሁ ስፉት" ብሎ ወጣ።

የነርሶቹ ኃላፊ ወይዘሪት ስቴይን ግን ደስ አላላትም። እኔ አጠገቧ ተኝቼ፣ እንደሌለሁ ቆጥራ፣ "ዶክተር፣ የክልስ አካል የነጭ ሰው ገላ ይቀበለዋል ብለው ነው? ደሙን እንኳ ለየብቻ ነው የምናስቀምጠው፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ" አለችው።

"ወይዘሪት ስቴይን፣ ኩላሊት ማንበብ አይችልም" አላት።

ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ያን ጊዜ አየችኝ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እኔን በወዲህ ክፍል፣ አንቺን በወዲያ ክፍል አጋደሙን። መሐላችን ያ ረጅም ኮሪደር አለ፣ መጨረሻው ላይ "ለነጮች ብቻ" የሚል የመስታወት በር። ከሰመመኑ ስነቃ ነርስ ያንሰን፣ የእኛ ልጅ ናት፣ የሆነውን በጆሮዬ ነገረችኝ። ዶክተሩ ኩላሊቴን ለማንም አልሰጠም፤ በረዶ ባለበት የብረት ሳህን ላይ አድርጎ፣ አረንጓዴ ጨርቅ አልብሶ፣ ራሱ ተሸክሞ ሄደ። በሩን በክርኑ ገፋው። ማንም ወረቀት አልጠየቀውም። እኔ እድሜ ልኬን የማላልፈውን በር ከፊሌ አለፈው። ከዚያ ሰፍተው ሲጨርሱ፣ ደምሽ ሲገባበት፣ አመዳም የነበረው ቀላ፣ ነፍስ ዘራ፤ ወዲያውም ሽንት ማውጣት ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ አለችኝ። መቼም እኛ ቤት ሥራ ላይ መለገም የለም።

ከሁሉም የከበደኝ ሕመሙ አይደለም። ያንን ያህል ቀርበሽኝ አለማየቴ ነው። አንቺ በባቡር ርቀሽ ስትኖሪ ናፍቆቱን ለምጄው ነበር። እዚያ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነሽ። ሌሊት ሌላ ሰው ባሳለ ቁጥር ያንቺ ሳል ይመስለኛል። የዚያ ክፍል ጠራጊዎች የእኛ ሰዎች ናቸው፣ በነፃነት ይገባሉ፤ ነርስ ያንሰን "ገዋንና መወልወያ ላምጣልሽ፣ ገብተሽ አይተሻት ትወጫለሽ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። እህትሽ ሆኜ እንጂ ወለል ጠራጊ መስዬ አልገባም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ቆጨኝ፤ መወልወያውን ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እግርሽን አያለሁ፣ አልጋሽ ሥር ስወለውል እግርሽን እነካለሁ እያልኩ አሰብኩ።

ማርሊዝ ግን በሁለቱም በር ታልፋለች። ከወዲያ ወደ ወዲህ የሚከለክል ጽሑፍ የለም፤ እዚህ መምጣት የሚፈልግ ነጭ ይኖራል ብለው አላሰቡም። በየቀኑ ትመጣለች። "ዛሬ ሾርባ ጠጣች።" "ዛሬ ተቀምጣ ፀጉሯን አበጠረች።" "ዛሬ ዘፈነች።" "ምን ዘፈነች?" ስላት የአባዬን የመረብ መሳቢያ ዜማ አንጎራጎረችልኝ። ቃሉን አታውቀውም፣ ዜማው ግን አልተሳሳተም።

ይኸውልሽ፣ አሁን ደግሞ ልነግርሽ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፣ እንዴት እንደምጀምረው ነው ያላወቅሁት።

የቶቢያስ የወንድሙ ልጅ ኔቪል ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ገና አልተወለደም። ጀልባ ሠሪ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ደግሞ ቅመም። አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ማርሊዝ አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች። ሊወጣ ፈልጎ ወደ ኋላ አለ። "ግባ እንጂ፣ የአክስቴ አልጋ ሰፊ ነው" አለችው። "የኔም አክስት ናት" አላት። "እንግዲያው ተካፈል" ብላ ብርቱካኑን ከእጁ ተቀብላ መላጥ ጀመረች። እኔ ታማሚዋ ሳልቀምስ ሁለቱ ጨረሱት።

ከሆስፒታል ስወጣ ሻንጣዬን ኔቪል ተሸከመ። ማርሊዝ እሱ የያዘውን ለማገዝ ብላ አንዱን ጆሮ ያዘች። ያቺን ሚጢጢ ሻንጣ ለሁለት ተሸከሟት እልሻለሁ! አሁን እሑድ እሑድ ትመጣለች። እኔን ልትጠይቅ ነው የምትመጣው፤ እንደዚያ ነው የምትለኝ። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ ግን መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ከታች ኔቪል ጀልባው ላይ ይሠራል፤ እሷ በምትመጣ ቀን ያቺኑ አንዲት ሳንቃ ሲልግ ይውላል። ሳንቃዋ አልቃ ወረቀት ልትሆን ነው።

ባለፈው እሑድ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "አክስቴ፣ እማዬ የሄደችበት ቢሮ አሁንም እዚያው ነው ያለው?" አለችኝ።

"ምን ሊሠራልሽ?"

"እንዲያው ነው። ሰው በቢሮ ወረቀት ከዚህ ወደዚያ ከተሻገረ፣ ከዚያስ ወደዚህ መሻገር ይችላል ወይ ብዬ ነው።"

"ልጄ፣ ወዲህ የሚያመለክት ሰው አለ እንዴ?" አልኳት።

"አሁን አሁን አለ አሉ" አለችኝ። ሳህኑን ታጥቦ ካለቀ በኋላ መልሳ አጠበችው።

መልሱን ላንቺ ተውኩት። ያንቺ ልጅ ናት፣ የምትሰጪያትን መልስ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ልልሽ እችላለሁ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ እናቱን ይጦራል። ደግሞም የሚሻገር ሰው 'ጥለኸኝ ሄድክ' የሚለው ሳይኖር ቢሄድ መንገዱ ይቀለዋል። ከዚህ በላይ አላራዝምም።

እትዬ፣ ልይሽ እፈልጋለሁ። ቤልቪል እኔ ልመጣ አልችልም፤ አንቺ ግን ወደዚህ ትመጫለሽ። ድሮ የፈራነው ሰው ያውቅሻል ብለን ነበር። አሁን ማን አለ? እነ ሚስስ ፌርናንዴዝን፣ እነ አንቶኒን፣ ትምህርት ቤቱ ጀርባ የነበሩትን ሁሉ ቤታቸውን አስለቅቀው ወደዚያ አሸዋማ ሜዳ ወስደዋቸዋል። የቀረነው እዚህ የዓሣ አስጋሪዎቹ ፎቅ ላይ ያለን ጥቂቶች ነን፣ የቀረነው ደግሞ ዝም ማለት እናውቅበታለን። አንቺም ተለውጠሻል፤ ከስተሻል፣ ፊትሽ ክብ ሆኗል፤ ለእኔ ካልሆነ ለማንም አትታወቂም።

ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ቅዳሜ ነጮቹ ሴቶች ሁሉ ዓሣ ሊገዙ ወደቡ ላይ ይመጣሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። ሄንድሪክ መኪናው ውስጥ ይጠብቅሽ፣ ከፈለገም ይውረድ። ይሄኛው እንደ መወልወያው አይደለም፤ እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ፣ አንቺም ዓሣ ትበያለሽ፣ አንዳችንም የምናስመስለው ነገር የለም። ፊት ለፊቴ ቁሚ። "ትኩስ ነው?" በዪኝ። "ዛሬ ጠዋት የገባ ነው" ብዬ እምላለሁ። አትመኚኝ፤ ስንጥቡን ገልጠሽ ተመልከቺ። "ሌላኛውን አሳዪኝ" በዪ፤ አሳይሻለሁ። እሱንም አትውደጂው። ሳቀብልሽ እጅሽን ዓሣው ሥር አድርጊ፣ የኔም እጅ እዚያ ነው።

ዋጋ ስነግርሽ ደግሞ ተከራከሪኝ። ተወደደ በዪ። እኔም አልቀንስም እላለሁ። ሂጂና ተመለሺ። አደራሽን እትዬ፣ ቶሎ እንዳትስማሚ፤ ቶሎ ከተስማማሽ ቶሎ ትሄጃለሽ።

ፈጣሪ ባንድነት ያበጀንን አይለያይብን፤ ካንቺ ጋር ያለውንም ሆነ ከኔ ጋር የቀረውን እኩል ይጠብቅልን። ለሄንድሪክ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጃችንን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ